አማልፊ ዳርቻ፦ ጉልበቷን ከሚያማት እናቴ ጋር የት እንረፍ?

ካዛንቺስ ቀረ | ግንቦት 4

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙውን ጊዜ አንባቢ ነኝ፤ ዛሬ ግን ጠያቂ ሆኜ መጣሁ።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ናት። 71 ዓመቷ ነው። ቀኝ ጉልበቷን ያማታል፤ ምርኩዝ ያዢ ስትባል ግን "አርጅቻለሁ እንዴ?" ብላ ትቆጣለች። በሰኔ አጋማሽ አምስት ቀን ፈቃድ ስላለኝ ጣልያን፣ ከናፖሊ ወረድ ብሎ ያለውን የአማልፊ ዳርቻ ላሳያት አስቤያለሁ።

ባለቤቴ "ፖዚታኖን ሳላይ አልመለስም" ብላለች። እናቴ ፎቶውን ስታይ መጀመሪያ ያለችው "ሰው እዚህ ገደል ላይ ቤት የሠራው ማን አሳዶት ነው?" ነው። ቀጥላ "ቤተ ክርስቲያን አለ?" ብላ ጠየቀች።

እስቲ እርዱኝ። መኪና ልከራይ ወይስ አልከራይ? የት እንረፍ? የሰኔ ጾም ላይ ስለምትሆን ደግሞ ምን ትበላለች? ፖዚታኖ ውስጥ "ከባሕሩ 5 ደቂቃ" የሚል ማረፊያ አግኝቻለሁ፤ ልያዘው?

ሚላኖ ጎረምሳ | ግንቦት 4

እንዳትይዘው! 5 ደቂቃ ለማን? ለፍየል?

የዛሬ ሦስት ዓመት እኔም እንዲሁ ተሸውጃለሁ። ስሙን አልጠራም፣ አንድ ማረፊያ "ከአደባባዩ 4 ደቂቃ" ብሎኝ ሄድኩ። ሻንጣ ተሸክሜ 214 ደረጃ ቆጠርኩ። መቶ ሃምሳኛው ላይ አንዲት ባልቴት የገበያ ዘንቢል ይዘው በአጠገቤ ሽው ብለው አለፉኝ። ያን ቀን ያፈርኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

እዚያ አገር ርቀት በሜትር አይለካም፣ በደረጃ ነው። ክፍል ከመያዝህ በፊት "ኳንቲ ስካሊኒ?" በላቸው፤ ስንት ደረጃ አለው ማለት ነው። ከ30 በላይ ካሉህ አመስግነህ ስልኩን ዝጋ።

መኪናውንም ተወው። መንገዱ ናፖሊን ይገዙ የነበሩት የቡርቦን ነገሥታት ዘመን ሥራ ነው፣ በ1800ዎቹ መጀመሪያ አጋማሽ ለጋሪ ተብሎ ገደል ተፈልፍሎ የወጣ። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ግን አንዱ ኩርባ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። ሁለት አውቶብስ ፊት ለፊት ሲገናኝ አንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከኋላው የተሰለፈው መኪና ሁሉ አብሮት ይመለሳል። በበጋ የቱሪስት ወቅት ደግሞ ሰሌዳህ ጎዶሎ ወይም ሙሉ ቁጥር እየታየ የማትገባበት ቀን አለ። ገብተህም ማቆሚያ ካገኘህ ስእለትህ ሰምሮልሃል ማለት ነው።

ሲስተር ሮማ | ግንቦት 5

ወንድሜ እንኳን ደህና መጣህ። እናትህን እግዜር ያቆይልህ።

እኔ ሮም ነው የምኖረው፣ አንዲት አዛውንት ሲኞራ ነው የምንከባከበው። የትውልድ አገራቸው ሚኖሪ የምትባል የዚያው ዳርቻ ከተማ ናት። በየዓመቱ ሙቀት ሲጀምር ይዤያቸው ወርጄ ሁለት ወር እቀመጣለሁ። ስለዚህ የምነግርህ ከቱሪስት መጽሐፍ አይደለም።

ሳሌርኖ ያዝ። ሰው ሁሉ ዘሏት ይሄዳል፣ ግን ሜዳ ላይ ያለች እውነተኛ ከተማ ናት። ፈጣን ባቡር ከሮም በሁለት ሰዓት ገደማ ያደርስሃል። አሳንሰር ያለው ቤት አለ፣ ፋርማሲ አለ፣ ዋጋውም እንደ ሰው አገር ነው። ጠዋት ጠዋት ከወደቡ መርከብ ትይዛላችሁ። አማልፊ 35 ደቂቃ፣ ፖዚታኖ 70 ደቂቃ ያህል። ማታ ተመልሳችሁ ሜዳ ላይ ትተኛላችሁ።

ስትሄዱ በቀኝ በኩል ተቀመጡ፣ መሬቱ በዚያ ነው። መጀመሪያ ቪየትሪ ትመጣለች፣ አረንጓዴና ቢጫ የሸክላ ጉልላቷን ታያለህ፤ የሴራሚክ ከተማ ናት። ከዚያ ቼታራ ከነማማዋ፣ ከዚያ ማዮሪ፣ የእኔዋ ሚኖሪ፣ አትራኒ፣ አማልፊ። ከአውቶብስ ውስጥ ግድግዳና የፊተኛውን ሰው ማጅራት ነው የምታየው። ከባሕር ሲታይ ግን ከተሞቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንተ አዙረው ነው የሚጠብቁህ። የእኔ ሲኞራ "በመኪና የሚመጣ ሰው በጓሮ በር የገባ እንግዳ ነው" ይላሉ።

አንድ ነገር ልብ በል። ባሕሩ ከተቆጣ መርከብ አይሄድም። ለዚያ ቀን አውቶብስ አለ። ትኬት ከሾፌሩ አትጠብቅ፤ "ቲ" ፊደል ከተሰቀለበት የሲጋራ ሱቅ ቀድመህ ግዛ። ለእናትህ ደግሞ ለኩርባው የሚሸተት ሎሚ አስይዛቸው። ሎሚ መቼም እዚያ አይጠፋም።

መምህሩ | ግንቦት 5

የእናትህ ጥያቄ ከሁላችንም ጥያቄ ይበልጣል። "ማን አሳዶት ነው?" የታሪክ ሊቃውንትም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

ላታሪ የሚባሉት ተራሮች ቁልቁል ባሕር ውስጥ ነው የሚገቡት። የሚታረስ ሜዳ የለም። የምዕራብ ሮም መንግሥት ፈርሶ ሎምባርዶች አገሩን ሲያጥለቀልቁ ይህ ገደል ምሽግ ሆነ፤ በየብስ ጦር አይደርስበትም። ግን ገደል እህል አያበቅልም። ስለዚህ ሰዎቹ ፊታቸውን ወደ ውኃው አዞሩ። አማልፊ በ839 ራሷን ቻለች። በግብፅ ከፋጢማውያን ጋር፣ በቁስጥንጥንያ ከባይዛንታይኖች ጋር ትነግድ ነበር፤ እንጨት ልካ ወርቅ፣ ሐርና ቅመም ታመጣ ነበር። ታሪ የሚባል የራሷ የወርቅ ሳንቲም ነበራት። በኢየሩሳሌም ለተሳላሚዎች ማረፊያ የሠሩትም ነጋዴዎቿ ናቸው፤ በኋላ ባለ ስምንት ጫፍ መስቀል የለበሱት፣ ሆስፒታለር የሚባሉት ተዋጊ መነኮሳት ከዚያ ነው የተነሡት። የባሕር ንግድ ሕግ ጽፋ ለዘመናት ሌላው ዳኝቶበታል።

አሁን 5 ሺህ ያህል ሰው ብቻ ያላት ከተማ ለምን ያን የሚያህል ካቴድራል ኖራት ብትል፣ መልሱ ይኸው ነው። የነሐስ በሩ በ1060 አካባቢ ቁስጥንጥንያ ውስጥ ተሠርቶ በመርከብ የመጣ ነው። ጠጋ ብለህ እየው፤ ዛሬም ቆሟል።

ከዚያ ውድቀቱ ተደራረበ። በ1073 ኖርማኖች ያዟት። በ1135 እና በ1137 የፒሳ ከተማ ሰዎች ዘረፏት። በኅዳር 1343 ባሕሩ ራሱ ተነሣባትና የታችኛውን ከተማ ከነወደቡ ወሰደው። አሁን የምታየው አማልፊ የተረፈው ነው።

አደባባዩ ላይ ደግሞ ኮምፓስ ፈለሰፈ የሚባል የፍላቪዮ ጆያ ሐውልት አለ። አትመነው። ማግኔትን ቻይናዎች ቀድመው ያውቁት ነበር። የአማልፊ መርከበኞች ኮምፓስን ቀድመው ሳይጠቀሙበትና ሳያሻሽሉት አልቀሩም። ሰውየው ግን የተወለደው ከነጠላ ሰረዝ ነው። ወሬውን የጻፈው ፍላቪዮ ቢዮንዶ የሚባል የታሪክ ጸሐፊ ነበር። ሌላ ሰው ያንን ሲጠቅስ ሰረዟ ያለ ቦታዋ ተነበበችና የጸሐፊው ስም የፈልሳፊው ስም ሆኖ ቀረ። ተማሪዎቼን ስለ ሥርዓተ ነጥብ ስቆጣ ይህንን ነው የምነግራቸው። የለም የተባለ ሰው ሐውልት ቆመለት እኮ!

ካዛንቺስ ቀረ | ግንቦት 5

ሲስተር፣ ሳሌርኖ ተይዛለች። ባለ አሳንሰር።

መምህር፣ ይህን ለእናቴ አነበብኩላት። "እሺ፣ ቤተ ክርስቲያኑ የማን ነው?" አለችኝ።

መምህሩ | ግንቦት 6

ይህንንስ ሆን ብዬ ነበር ያቆየሁት። እናትህ ቁጭ ይበሉ።

የአማልፊው ካቴድራል የሐዋርያው እንድርያስ ነው። የአራተኛው የመስቀል ጦርነት ሰዎች ቁስጥንጥንያን ሲዘርፉ፣ የአማልፊ ተወላጅ የሆነ ካርዲናል አፅሙን አምጥቶ በ1208 እዚህ አስቀመጠው። ከካቴድራሉ ሥር ባለው ክፍል ነው ያለው። እኛ ታኅሣሥ 4 የምናስበው እንድርያስ ማለት ነው፤ የጴጥሮስ ወንድም።

ሳሌርኖ ደግሞ የወንጌላዊው ማቴዎስ ናት። አፅሙ በ954 ወደ ከተማዋ ገብቷል። ካቴድራሉን ያሠራው ኖርማኑ ሮበርት ጊስካርድ ነው። እዚህ ላይ የእኛ ነገር ይገባል፤ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ማቴዎስ የሰበከውም የተሠዋውም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ይላል። ካራቫጆ ሮም ውስጥ የሣለው የማቴዎስ ሰማዕትነትም ያንን ትውፊት ነው የሚያሳየው። የጥንት ጸሐፊዎች "ኢትዮጵያ" ሲሉ ሁልጊዜ የዛሬዋን ማለታቸው አይደለም፤ ስለዚህ አልፎክርበትም። ሳሌርኖ ላይ ግን ከየት መጣችሁ ሲሏችሁ አገራችሁን ብትናገሩ ካህኑ ፈገግ ቢል አትደነቁ።

ለማንኛውም በሐዋርያት ጾም፣ በአምስት ቀን፣ ሁለት ሐዋርያት። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ካዛንቺስ ቀረ | ግንቦት 6

እናቴ ሻንጣዋን ማዘጋጀት ጀመረች። ገና አንድ ወር ተኩል ይቀራል።

ሎሚ ወርዋሪ | ግንቦት 7

ስለ ሎሚው ማንም አላወራም፤ ስሜ እያለ ዝም አልልም።

እኛ ሎሚ የምንለውን እርሱት። የእነሱ ስፉዛቶ ይባላል፤ ረዘም ያለ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ አንዳንዱ ጭብጥ የማይሞላ ሳይሆን ከጭብጥ የሚተርፍ ነው። ለትርንጎ የቀረበ መልክ አለው። ልጣጩ ወፍራምና ጣፈጥ ያለ ስለሆነ ከነልጣጩ ቆራርጠው፣ ጨው ነስንሰው ይበሉታል። ለጥምቀት እንደኛ ልማድ የወደድካትን ልጅ በዚህ ብትመታት የምትጠራው ሽማግሌ ሳይሆን አምቡላንስ ነው።

በ2001 በአውሮፓ ኅብረት የአካባቢ መለያ ተሰጥቶታል። እኔ ያየሁት ግን አለቃቀሙን ነው። ተራራው ከላይ እስከ ታች እርከን ነው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ሲሚንቶ የተካበ። ዛፎቹ ላይ የቼስትነት ዛፍ እንጨት ተጋድሞ እንደ ዳስ ተሠርቷል፤ ክረምት ሲመጣ ከብርድ መረብ ያለብሱታል። መኪና አይገባም። ለቃሚው ሙሉ ሣጥን ትከሻው ላይ ጆንያ አንጥፎ ይሸከማል፣ ከ50 ኪሎ በላይ፣ በዚያ ጠባብ ደረጃ ቁልቁል። አንዱን ሰውዬ ተከትየው ወረድኩ። አይሮጥም፣ አይቆምም። እግሩን ገልበጥ አድርጎ በጎን ነው የሚያሳርፈው። ታች ሲደርስ ሣጥኑን አውርዶ ሲጋራ ለኮሰ። እኔ ባዶ እጄን ወርጄ ጭኔ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የኮንሶን እርከን ያየ ሰው እዚያ ሲደርስ እንግድነት አይሰማውም። ኮንሶ በፈረንጅ 2011 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ ይህ ዳርቻ በ1997። ያለ ጭቃ ድንጋይ የመካብ ጥበቡም ከጣልያን ጭምር በ2018 ተመዝግቧል።

ሲስተር ሮማ | ግንቦት 7

ስለ ተሸካሚዎቹ እውነት ነው። አሁን ግን ብዙዎቹ አርጅተዋል፤ ልጆቻቸው ሆቴል ነው የሚሠሩት። ያልታረሰው እርከን ዝናብ ሲመጣ ይናዳል።

የእኔ ሲኞራ ዝናብ ሲጀምር መስኮት ይዘጋሉ። በፈረንጅ የ1954ን የጥቅምት ጎርፍ በልጅነታቸው አይተዋል። በአንድ ሌሊት ከሳሌርኖ እስከ ማዮሪና ሚኖሪ ከ300 በላይ ሰው ነው የወሰደው። ጭቃው ከተራራው ሲመጣ የሰማሁት ድምፅ እንደ ባቡር ነው ይላሉ። ሚኖሪ ግን ያኔም አሁንም ባቡር የለም።

ስለ ምግቡ ልመልስልህ። ፒዛ ማሪናራ ይዘዙላቸው፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሪጋኖና ዘይት ብቻ ነው። ስፓጌቲ አል ፖሞዶሮ ካላችሁ "ሴንዛ ፎርማጆ" በሉ፣ አይቡን ሳይጠይቁ ነስንሰው ነው የሚያመጡት። ሽምብራ በፓስታ፣ ባቄላ፣ ጥብስ አትክልት ሁሉ አለ። የሎሚ ኬኩ፣ ዴሊዝያ የሚሉት፣ ክሬም አለው። እሱን ለባለቤትህ።

ቼታራ ላይ ተጠንቀቁ። ኮላቱራ የሚባል ነገር አላቸው። አንቾቪ የምትባለዋን ትንሽ ዓሣ ጭንቅላቷን ቆርጠው፣ አንድ ረድፍ ዓሣ አንድ ረድፍ ጨው እያደረጉ በእንጨት በርሜል ይደረድሯታል። ላዩ ላይ ድንጋይ ይጫናል። ከወራት በኋላ ከሥር በጠብታ የሚወርደው ቡናማ ፈሳሽ ነው ኮላቱራ። ለገና ዋዜማ ስፓጌቲ ላይ ያደርጉታል፤ ውኃው ላይ ጨው አይጨመርም፣ እሱ ራሱ ጨው ነው። ሽታው መጀመሪያ ያስደነግጥሃል፤ ሁለተኛ ቀን ትፈልገዋለህ። የጥንት ሮማውያን ጋሩም የልጅ ልጅ ነው ይባላል። "አል ፖሞዶሮ ነው" ብለው ቢያመጡ እንኳ ቼታራ ውስጥ ከሆናችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።

ሚላኖ ጎረምሳ | ግንቦት 7

ዓሣ እኮ በሰኔ ጾም ይበላል።

በጾም የማልደራደር | ግንቦት 7

ማን ፈቀደልህ?

አወያይ | ግንቦት 7

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የራሱ ክር አለው፤ አሥራ አራተኛ ገጹ ላይ ነው ያለው። እዚያ ተገናኙ። እዚህ ስለ ባሕሩ።

የካዛንቺስ ሚስት | ግንቦት 8

ባለቤቱ እኔ ነኝ። ይህን ክር ዛሬ ነው ያገኘሁት። ሁላችሁም ስለ ሎሚና ስለ ሐዋርያት ስታወሩ የእኔን ፖዚታኖ ማን ጠለፋት?

ሚላኖ ጎረምሳ | ግንቦት 8

እህቴ ይቅርታ፣ ግን እውነቱን ልንገርሽ። ባሕሩ ዳር አሸዋ የለም፣ ጠጠር ነው። ጫማ ካላደረግሽ እንደ ዶሮ ነው የምትራመጂው። አልጋና ጥላ የሚከራይበት ቦታ ቀድሞ ተይዟል። መሄጃውም መምጫውም ሱቅ ነው። ላንጋኖ ይሻላል።

ሲስተር ሮማ | ግንቦት 8

አንተ ደግሞ አታጋን። ፖዚታኖ ውብ ናት፤ ችግሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት መድረሱ ነው። በመጀመሪያው መርከብ ድረሺ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ውጪ። ፎቶሽን ከመርከቡ ላይ አንሺ፣ ከታች ሆነሽ ያንን መልክ አታገኚውም።

ውስጧ ደግሞ ታሪክ አላት። በ1800ዎቹ በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ ሲመጣ የፖዚታኖ ሸራ መርከቦች ሥራ ፈቱ። ሰዉ ቤቱን ዘግቶ ወደ አሜሪካ ነጎደ። ዛሬ ለአንድ ሌሊት የወር ደሞዝ የሚጠየቅባቸው ቤቶች ያኔ ባለቤታቸው ኒውዮርክ ሄዶ የቀሩ ነበሩ። እኔ ይህን ስሰማ መቼም ዝም ብዬ አላለፍኩም።

ቤተ ክርስቲያኗ የእመቤታችን ዕርገት ናት፣ ሳንታ ማሪያ አሱንታ። ውስጧ በጥንታዊ የባይዛንታይን አሣሣል የተሠራች ጠቆር ያለች የማርያም ሥዕል አለች። ሥዕሏን የጫነ መርከብ ማዕበል ይዞት "ፖዛ፣ ፖዛ" የሚል ድምፅ ተሰማ ይላሉ፤ አስቀምጡኝ ማለት ነው። የከተማዋ ስም ከዚያ መጣ ባዮች ናቸው። በዓሏ ነሐሴ 9፣ በፈረንጅ ኦገስት 15 ነው። እኛ ፍልሰታን ስንጾም እነሱ ርችት ይተኩሳሉ።

የካዛንቺስ ሚስት | ግንቦት 8

ሲስተር፣ አንቺን ብቻ ነው የማምነው። በእግር መሄድ ለሚወድስ?

ሎሚ ወርዋሪ | ግንቦት 9

የአማልክት መንገድ የሚሉት አለ። ከአጀሮላ፣ ቦሜራኖ ከምትባል መንደር ተነስቶ በገደሉ ወገብ እስከ ኖቼሌ ይሄዳል። ሦስት ሰዓት ያህል ነው። በጠዋት፣ ውኃ ይዘሽ። ከኖቼሌ ወደ ታች ግን አውቶብስ ያዢ፣ ያለዚያ 1,700 ያህል ደረጃ ይጠብቅሻል። አማትሽን ለዚያ እንዳትጋብዢ።

እሳቸውን ራቬሎ ውሰዷቸው። 350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ግን አንዴ አውቶብሱ ካወጣችሁ አደባባዩ ሜዳ ነው። የቪላ ሩፎሎ የአትክልት ስፍራ እዚያው አፍንጫችሁ ሥር ነው። ጀርመናዊው የኦፔራ ደራሲ ቫግነር በ1880 መጥቶ የኦፔራው አስማተኛ የአትክልት ስፍራ እዚህ ተገኘ አለ፤ ከ1953 ጀምሮ በዚያ ምክንያት የሙዚቃ ፌስቲቫል ያደርጋሉ። መድረኩን ገደሉ ላይ አውጥተው ይሠሩታል፣ ከሙዚቀኞቹ ኋላ ያለው ባሕር ብቻ ነው። ካቴድራሉ ውስጥ ደግሞ አንበሶች ዓምዱን በጀርባቸው የተሸከሙለት የ1272 መስበኪያ አለ።

መምህሩ | ግንቦት 9

ቀኑን ማስተካከል የምትችሉ ከሆነ በፈረንጅ ጁን 27 አማልፊ ሁኑ። በእኛ ሰኔ 20 ነው። በ1544 የቱርኩ የባሕር ኃይል አዛዥ የባርባሮሳ መርከቦች ከተማዋን ሊያጠፉ መጥተው ማዕበል በተናቸው፤ ሰዉ እንድርያስ ነው ያዳነን አለ። በየዓመቱ ሐውልቱን ተሸክመው ይዞሩና መጨረሻ ላይ የካቴድራሉን ደረጃ በሩጫ ይወጣሉ። 62 ደረጃ ነው። ሌላ አልነግራችሁም።

ካዛንቺስ ቀረ | ሰኔ 27

ተመልሰናል። ሪፖርት ይዤ መጥቻለሁ፤ ረጅም ነው፣ ቡና አፍሉ።

ሳሌርኖ። ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ። አሳንሰሩ ከመላው ጣልያን ያየሁት ምርጥ ቅርስ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማቴዎስ ጋ ሄድን። ከሥር ያለው ክፍል ግድግዳው ጣሪያው ሁሉ እብነ በረድና ሥዕል ነው። መካከሉ ላይ የማቴዎስ የነሐስ ሐውልት አለ። እናቴ ከፊቱ ቆማ ጸለየች። ከዚያ በዝግታ በጎን በኩል ዞረች። ከኋላ ስትደርስ ማቴዎስ እንደገና ፊት ለፊት እያያት ነው! ሐውልቱ ሁለት ፊት ነው ያለው፣ ከሁለቱም ወገን የቆመ እንዲያየው። እናቴ ደንግጣ አማተበች። ከዚያ ተመልሳ ወደ ፊት መጣች፣ እንደገና ወደ ኋላ ሄደች። "ከዚህ ሰው ማምለጫ የለም" አለች። በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ሦስት ጊዜ ነው የዞረችው፤ ሐኪሟ ቢያይ ምን እንደሚል እንጃ።

ፖዚታኖ። በመጀመሪያው መርከብ ደረስን። ባለቤቴ ከመርከቡ ላይ አንድ መቶ ያህል ፎቶ አነሳች። ሚላኖ ጎረምሳ፣ ስለ ጠጠሩ ትክክል ነህ፣ እንደ ዶሮ ነው የተራመድነው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ባሕሩ ዳር ካለ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፣ እኛ ወጣን ወረድን። ስንመለስ ከአንዲት የአገሩ ባልቴት ጋር ተቀምጣ አገኘናት። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በጣልያንኛ። ሁለቱም ጉልበታቸውን እያሳዩ ነበር።

ራቬሎ ላይ አውቶብስ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ጥሎን ሄደ። ሾፌሩ በመስታወት እጁን አወዛውዞ አለፈ። ፀሐይ፣ ጥላ የለም። ሦስተኛው ላይ ባለቤቴ መንገዱ መሃል ገብታ ነው ያስቆመችው። ከዚያ ግን የቪላ ሩፎሎ አጥር ጋ ደርሰን ወደ ታች ስናይ ሁሉንም ረሳነው። ሁለት ጉልላት፣ አንድ ጥድ፣ ከዚያ ሰማያዊ ብቻ።

አማልፊ፣ ሰኔ 20። መምህር "ሌላ አልነግራችሁም" ብለህ አስጨንቀኸን ነበር። አደባባዩ ሰው ውጦታል። ለእናቴ አንድ ካፌ ወንበር ሰጠን፣ ደረጃው ግርጌ። ሐውልቱን የተሸከሙት ወንዶች ከባሕሩ ወገን መጡ። ደረጃው ሥር ሲደርሱ ቆሙ። ዝም አለ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ድምፅ ጮኸ፣ ሮጡ። በእውነት ሮጡ፣ ያን የሚያህል ክብደት ይዘው ዳገቱን። ሰዉ ጮኸ፣ አጨበጨበ፣ ደወል ተደወለ። በዚያ ሁሉ መካከል ከአጠገቤ "እልልልል" የሚል ድምፅ ተሰማ። እናቴ ቆማለች። ወንበሩም ጉልበቱም ተረስቷል። ፊታችን የነበሩ ጣልያኖች ዘወር ብለው አዩዋት። አንዲት ልጅ "አንኮራ! አንኮራ!" አለቻት፤ ድገሚው ማለት ነው። ደገመችው።

የመጨረሻው መርከብ ግን ርችቱን አልጠበቀልንም። ወደ ሳሌርኖ የተመለስነው በታክሲ ነው። ዋጋውን እንዳላወራ ባለቤቴ ከልክላኛለች።

ሲስተር ሮማ | ሰኔ 27

አነበብኩላቸው ለሲኞራ። እልልታውን እንዴት እንደሆነ አሳዪኝ አሉኝ። ሕንፃው ሙሉ ሰማኝ።

እንድርያስ ጋ ታች ወረዱ ወይ እናትህ?

ካዛንቺስ ቀረ | ሰኔ 27

በማግስቱ ጠዋት ነው የሄድነው። 62ቱን ደረጃ በሦስት እረፍት። አሥራ አምስተኛው ላይ "ትናንት ተሸክመው የሮጡት ሰዎች ዛሬ እንዴት ነው የሚነሱት?" አለችኝ። ታች ግማሽ ሰዓት ቆየች። የጸለየችውን አልጠየቅኳትም።

ከዚያ በእግረኞች ዋሻ አትራኒ ሄድን፤ አሥር ደቂቃ፣ ሜዳ። በስፋት የጣልያን ትንሿ ማዘጋጃ ቤት ናት፣ ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አንድ ስምንተኛ አትሞላም። ልጆች በአደባባዩ ኳስ ይጫወታሉ፣ ኳሱ በካፌው ጠረጴዛ ሥር ያልፋል፣ ማንም አይቆጣም። የአማልፊ መስፍኖች ድሮ ይሾሙባት የነበረችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እዚያው አደባባይ ላይ ናት። እናቴ ማሪናራዋን እዚያ በላች። ቡናውን ግን "ይኼ ጉንጭ አይሞላም" ብላ ሁለት አዘዘች።

ሎሚ ወርዋሪ | ሰኔ 28

ሎሚውስ?

የካዛንቺስ ሚስት | ሰኔ 28

ሎሚውን እኔ ልመልስ። ሦስት ገዛች፣ የሕፃን ጭንቅላት የሚያክሉ። አንዱን እየቆረጠች ልጣጩን ሻይ ውስጥ ትጨምራለች፣ ቤቱ ሁሉ ሸቷል። ሁለቱን "ለአዲስ አበባ" ብላ በቀሚስ ጠቅልላ ሻንጣዋ ሥር ደብቃለች። በረራዋ ሐምሌ 6 ነው። ቦሌ ላይ ምን እንደሚሏት የሚያውቅ ካለ ይንገረን።